የቆረጥኩት ትንፋሽ

በየካቲት 2014 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የቅሬ አዳራሽ፣ አንዲት የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት በሰው ፊት ቆማ እንድትዘፍን ታዘዘች። አልዘፈነችም።

እኔ እዚያ የተገኘሁት ለዘገባ አልነበረም። ወልዲያ ነው የምኖረው፤ የሬዲዮ ዘጋቢ ነኝ። በዚያን ቀን ግን የተጠራሁት ለምስክርነት ነው። የያዝኩት አንድ ላፕቶፕና አንድ ፍላሽ ሲሆን ፍላሹ ላይ የዚህችው ሴት ድምፅ ነበረ።

ሴትየዋ የሰርግ ዘፋኝ ናት። ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ ሰርግ ደግሶ እሷን ያልጠራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የተከሰሰችውም በዘፈን ነው። በጦርነቱ ታጣቂዎች መርሳን ይዘው በቆዩባቸው ወራት በአንድ ግቢ ውስጥ ድግስ ነበራቸው። በሞንታርቦ የአንዲት ሴት ዘፈን ይሰማ ነበር፤ አንድ ሰው ከአጥር ውጭ ሆኖ በስልኩ ቀዳው። ምስል የለውም። የዘፈነችውን ሴት በዓይኑ ያየ ሰው አልተገኘም። ዜማው በየሰርጉ የሚዘፈን የአምባሰል ዜማ ነው፤ ግጥሙ ግን ተቀይሮ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላቸዋል፣ ጀግኖች ይላቸዋል። ታጣቂዎቹ ወጥተው መብራትና ኔትወርክ ሲመለስ ቅጂው ከስልክ ስልክ ተላለፈ። በሳምንቱ መርሳ ድምፁ የማን እንደሆነ ወስኖ ጨርሶ ነበር።

የወሰነው በእኔ ቀረጻ ነው።

ከጦርነቱ በፊት ስለ አምባሰል ቅኝት አንድ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር፤ ያኔ ይህችን ሴት ያንኑ ዜማ ስትዘፍን ቤቷ ሄጄ ቀድቻታለሁ። ዳስ ውስጥ ያለ ማይክ መዝፈን የለመደች ስለሆነች አፏን ስትከፍት የመቅረጫዬ መብራት ቀይ ይሆናል፤ ድምፁ ይፈነዳብኛል። ማይኩን ባርቀው የግቢው ጫጫታ ይገባል።

«እትዬ፣ ትንሽ ቀነስ ያድርጉልኝ» አልኳት። «ጆሮዬ ላይ እንደሚያወሩኝ አድርገው።»

«ዘፈን ነው የምትፈልጊው ሐሜት?» አለችኝ።

ያም ሆኖ አደረገችው። ለስለስ ያለ፣ ግማሹ ትንፋሽ የሆነ ድምፅ አወጣች። ሲያልቅ፣ «ይሄ ለታመመ ሰው ነው» ብላ ተነሳች። ፕሮግራሙ ተወደደ። ሰዎች ከሬዲዮ ቀድተው በስልካቸው ያዙት፣ ባጃጆች ውስጥ ይከፈት ነበር። ከአጥር ውጭ የተቀዳው ድምፅም እንደዚያው ለስለስ ያለና ትንፋሽ የበዛበት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያደመጠ ሁሉ «ያችው ናት» አለ።

ሐሙስ የተሰየመው ጉባኤ ከቅሬ ሊያስወጣት ነው። ቅሬ በእኛ አገር ሞት ሲመጣ ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ጀናዛ የሚሸከም፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲታመም አይጠየቅም፣ ሲሞትበት አይቀበርለትም። የዘፋኟ እናት ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ሲሆኑ ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ላይ ነበሩ። ከከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሸሹ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ በዚያ ጊዜ የሚያይ ሐኪም አልነበረም። የማይድኑ መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል፣ ልጃቸውም ታውቃለች። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄው እኚህን ሴት ማን ይቀብራቸዋል የሚል ነበር፤ ማንም በአፉ አላለውም እንጂ።

ቀረጻውን ይዘሽ ነይ ከተባልኩ በኋላ አምስት ቀን ነበረኝ። አንድን ድምፅ ከሌላው ለመለየት ምን እንደሚደመጥ አላውቅም ነበር። «ይመስላል» የሚል ቃል ይዤ ምስክር ልቆም አልፈለግኩም። ቅዳሜ ጠዋት ከወልዲያ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ መርሳን አልፌ፣ ውርጌሳ ወረድኩ። እዚያ ሃያ ዓመት ከዘፋኟ ጋር መሰንቆ የመቱ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከተጣሉ ቆይተዋል፤ እሳቸውን ትታ ኦርጋን ተጫዋች ስለያዘች ነው።

በረንዳቸው ላይ ሱሪ በእጃቸው ሲጠቅሙ አገኘኋቸው። የስፌት መኪናቸውን ራስ ታጣቂዎቹ ነቅለው ወስደውታል፤ የብረት እግሩ ብቻ ቆሟል።

«ስለ እሷ ከሆነ የመጣሽው ሥራ አለብኝ» አሉኝ፣ ገና ሰላም ሳልል።

«ስለ ድምፅ ልጠይቅዎት ነው አባባ።»

«ድምፅ? ኦርጋን ቤት ሂጂያ። አሁን ድምፅ በቁልፍ ነው የሚወጣ አሉ።»

አልሄድኩም። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ከጠቀሙ በኋላ ቀና ሳይሉ፣ «እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ» አሉ። «ዝቅ አድርገሽ ‹እ› በይ። ረዘም አድርጊው።»

አልኩ። ከእጄ ሥር ደረቴ ነዘረ።

«ይሄ የደረት ድምፅ ነው። ከበሮና ጭብጨባ ጥሶ የሚያልፈው እሱ ነው። አሁን ሁለት ጣትሽን አፍንጫሽ አጥንት ላይ። አፍሽን ዘግተሽ ‹ም› በይ።»

አጥንቱ ነዘረ።

«የአፍንጫ። ሹል ነው፤ ሩቅ ያለ ሰው ጋ ይደርሳል፣ ቅርብ ያለውን ይወጋል። አሁን ከደረት ተነሺና ሳታቋርጪ ወደ ላይ ውጪ፣ እስኪቀጥን።»

ሞከርኩ። መሃል ላይ ድምፄ ተሰብሮ ወደ ሌላ፣ ባዶ ወደሆነ ቀጭን ድምፅ ዘለለ። ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«መሻገሪያው እሱ ነው። ከደረት ወደ ራስ። ያልሠለጠነ ሰው እዚያ ጋ ይሰበራል። ያቺ ሴት አትሰበርም፤ ልትደርስ ስትል ድምፁን አፍንጫዋ ውስጥ አስገብታ ትሸፍነዋለች። የት እንደተሻገረች እኔ ብቻ ነኝ የማውቅ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እናንተ ጋዜጠኞች ደግሞ በጉሮሯችሁ ብቻ ነው የምታወሩ። ለዚህ ነው ዜና ስታነቡ የተሰደብን የሚመስለን።»

«በትንፋሽ የሚዘፈነውስ?»

«እሱማ ግማሹ አየር ነው። ጉሮሮሽን አጥብቀሽ ሳትዘጊ ትንፋሹን ትለቂዋለሽ። ለማይክ ይሆናል። ዳስ ውስጥ ግን ሙሽራው እንኳ አይሰማሽም። እሷ እንደዚያ የዘፈነችው አንቺ ስላዘዝሻት ብቻ ነው። ሌላ ቀን አልሰማኋትም።»

ከአጥር ውጭ የተቀዳውን በጆሮ ማዳመጫ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አደመጡ።

«እሷ ናት?» አልኳቸው።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀሚስ ብታሳዪኝ ማን እንደሰፋው እነግርሻለሁ፤ ማን እንደለበሰው ግን አልነግርሽም። ደረቱም አፍንጫውም ትንፋሹም ይለበሳል። የሚችል ሰው በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስቱንም ይቀያይራል። በቃና ብቻ ሰው ያወቁ መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል።»

ለማስታወሻዬ ይህ በቂ ነበር። ደብተሬን ልዘጋ ስል እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ሃያ ሰከንድ ያህል ሲሄድ ጣታቸውን አነሱ። «እዚህ ጋ መልሺ።» መለስኩ። «አሁንም።» ለሦስተኛ ጊዜ ካደመጡ በኋላ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቀሉ። ተቆጥተው ነበር።

«ይቺ ሴት ምን ነክቷታል? ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ለምን አትተነፍስም? ሁለቱን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ልትጨርስ ትሞክራለች፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይጠፋባታል። ስንኙ ተመልሶ ሲደርስ ደግሞ ያንኑ ታደርጋለች! እሷ እዚያ ጋ እንደ በሬ ነው የምትተነፍስ። ያንን ክፍተት ሃያ ዓመት በመሰንቆ የሞላሁት እኔ ነኝ። ረስታው ነው እንዳይባል፣ ሰው መተንፈስ አይረሳም።»

መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ፕሮግራሙን ስሠራ ለዘፈኑ የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነው። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ሴትየዋ ረጅም ትንፋሽ ስባለች፤ በዚያው ቅጽበት መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፍቷል። ሁለቱንም በአንድ ላይ ቆርጬ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስንኝ አገናኘኋቸው። በሬዲዮ የሄደው ዘፈን ላይ ሁለቱ ስንኞች በአንድ ትንፋሽ የተዘፈኑ ይመስላሉ። ስንኞቹ በተደገሙ ቁጥርም ያንኑ ቆራርጫለሁ። ማንም አልጠረጠረም፤ ጥሩ ሥራ ነው ተብዬ ነበር።

ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ያልተቆረጠውንም የተቆረጠውንም በተራ አሰማኋቸው። ከአጥር ውጭ የተቀዳችው ሴት የተቆረጠውን ነው የምትከተለው።

«ታዲያ ከሬዲዮሽ ላይ ነዋ የተማረች» አሉ። ሱሪውን አነሱ፣ መርፌውን ግን አልወጉም።

«ከሬዲዮ የተማረ ሰው ያውቃሉ?»

«ልጅ አለቻት። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናትየዋ ላታስተምራት ምላለች፤ ሰርግ ለሰርግ የምትዞር ልጅ አልፈልግም ብላ። ልጅቱ ያንቺን ፕሮግራም ስልኳ ላይ አድርጋ ስትለማመድ አንድ ቀን ደረሰችባትና ስልኩን በድንጋይ ፈጨችው። አገር የሰማው ጠብ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የሰማሽውን እዚሁ ጥለሽ ሂጂ።»

«እርስዎ ይጠሏቸው የለም እንዴ?»

«እናትየዋን ነው የምጠላ። ልጅቱ ምን አደረገችኝ?»

የተረጋገጠው ነገር አንድ ነው፤ የዘፈነችው ሴት ዘፈኑን የተማረችው ከተሰራጨው ቅጂ ላይ ነው፤ የተከሰሰችው ዘፋኝ አይደለችም። ልጅቱ ናት የሚለው አልተረጋገጠም፤ ያ ፕሮግራም በብዙ ሰው ስልክ ላይ ነበር። ይህን በደብተሬ ጻፍኩ። አሥር ሰዓት ሳይሆን መርሳ ተመልሼ ወደ ዘፋኟ ቤት ሄድኩ። ነጻ የሚያወጣት ነገር ስለያዝኩ የምትቀበለኝ መስሎኝ ነበር።

በሩን የከፈተችው እጅጌዋን ሰብስባ ነው። እናቷን እያጠበች ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩም። ማይክሽን ይዘሽ መጣሽ?»

«አልያዝኩም። የዘፈኑት እርስዎ እንዳልሆኑ ማሳየት እችላለሁ።»

አላስገባችኝም። ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ ስለ ትንፋሹ ነገርኳት። ስጨርስ ቀጥ ብላ አየችኝ።

«ትንፋሼን ቆርጠሽ ጣልሽው?»

«ደቂቃው ስላልበቃኝ ነው።»

«አንቺ ነሽ እንግዲህ። መጀመሪያ ዝቅ አድርጊ አልሽኝ፣ ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ ትንፋሼን ወሰድሽ። አሁን ደግሞ የቀረውን ልትወስጂ መጣሽ።» ወደ ጎረቤት አጥር ተመለከተችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ለማን ነገርሽ?»

«ውርጌሳ ላሉት ሰውዬ ብቻ።»

«ለዚያ ሽማግሌ! ወላሂ፣ እሱ ሳይሻል አይቀርም ካንቺ።»

«እትዬ፣ ልጅዎ የት ናት?»

«ልጅ የለኝም።»

ከኋላዋ ገመድ ላይ የወጣት ሴት ቀሚስ ተሰጥቷል። እሷም ያየሁትን አየች።

«ድምፁ የኔ ነው» አለች። «አንቺው ራስሽ የኔ ነው ብለሽ በሬዲዮ ለቀሽዋል። እንደዚያው ጻፊው።» በሩን ዘጋችው።

ልጅቱ ወደዚያ ግቢ ተገዳ ትግባ በፈቃዷ አላውቅም። አንዲት ጎረቤት ታጣቂዎቹ ከመንገድ ወሰዷት አለችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ራሷ ስትገባ ያየ ሰው አለ አለችኝ። ሁለቱም ያዩት ነገር የለም። የማውቀው ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሳምንት ሌላ ሰፈር ውስጥ ከታጣቂዎቹ ጋር ታይታለች የተባለች አንዲት ልጅ አደባባይ ላይ ፀጉሯ ሲላጭ ቆሜ አይቻለሁ። የሚላጯት ሰዎች ይስቁ ነበር።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ደረስኩ። የቅሬው ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ተዘርፎ ስለነበር ሰው መሬት ላይና ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው። የቅሬው ዳኛ ሸምገል ያሉ ነጋዴ ናቸው። ዘፋኟን አስነስተው፣ «በይ ያንን ዘፈን እዚህ ዝፈኚ፤ ድምፅሽ ካልሆነ እንሰማና እንለያለን» አሏት።

ብትዘፍን ኖሮ ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ትተነፍስ ነበር። ይህን እሷም እኔም እናውቃለን። ከንፈሯን ገጥማ ቆመች።

«ለኛ ሲሆን ጉንፋን ያዘሽ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ለእነሱማ ጉሮሮዋ በማር ታጥቦ ነበር!»

«ድንኳናችንን ሲጭኑ እሷ እየዘፈነች ታወርድላቸው ነበር!»

ሳቅ ተነሳ። አንዲት ሴት፣ ቀለበቷ አዲስ የሆነ፣ «ሰርጌን አንቺ ነሽ ያደመቅሽው፤ ተጸጸትኩ» አለቻት። ዘፋኟ ወደ ሴትየዋ ዞራ፣ «መጸጸትስ ባልሽን ካየሁት ቀን ጀምሮ እኔም ተጸጽቻለሁ» አለች። የሳቀ አልነበረም።

ዳኛው ውርጌሳ ድረስ ልከው መሰንቆ መቺውን አስመጥተዋቸው ነበር። የሬዲዮውና ከአጥር ውጭ የተቀዳው ቅጂ ተከፈተላቸው። ከስልክ ቤት የተዋሱት ስፒከር ያንቋርራል። አዳራሹ በየመሃሉ «ያችው ናት!» እያለ ያቋርጥ ነበር።

«ምን ይላሉ?» አሏቸው ዳኛው።

«ጆሮዬ አርጅቷል» አሉ መሰንቆ መቺው፣ ከእኔም ከእሷም ዓይናቸውን አሽሽተው። «አልለይም።»

«ሃያ ዓመት አብረሃት የዞርክ ሰው አልለይም ትላለህ?» የሚል ጩኸት መጣ።

«ሃያ ዓመት አብሬ ዞሬ መች ለየኋት? በኦርጋን ለወጠችኝ እኮ!» ብለው ተቀመጡ።

ተራው የእኔ ሆነ። ቃና በፈቃድ የሚቀየር ነገር መሆኑን፣ ሠልጥኖ የዘፈነ ሰው ደረቱን፣ አፍንጫውን፣ ትንፋሹን እያፈራረቀ መጠቀም እንደሚችል፣ ሁለት ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ የአንድ ሰው ነው ማለት እንደማይቻል ተናገርኩ። በምሳሌ ለማሳየት የአፍንጫና የደረት ድምፅ ላሰማ ሞከርኩ።

«አሁን ደግሞ አንቺ ልትዘፍኝልን ነው?» አለ አንዱ።

«የሬዲዮ ቋንቋ አይገባንም» አሉ ዳኛው። «አዎ ወይም አይደለም በይ። እሷ ናት?»

«ከቃናው ተነስቶ ማረጋገጥ አይቻልም።»

«አይደለችም ነው የምትይው?»

«አይቻልም ነው የምለው።»

ስለ ቆረጥኩት ትንፋሽ የጠየቀኝ የለም። አልተናገርኩም። ዘፋኟ ከእኔ ላይ ዓይኗን አላነሳችም፤ በዓይኗ ውስጥ ምስጋና አልነበረም።

ከዚያ ራሷ ተናገረች። ድምፅዋ የደረት ነበር፤ እስከ በሩ ተሰማ።

«እኔ ነኝ። ምን ትንጫጫላችሁ? እኔ ነኝ አልኳችሁ። ጨርሱ።»

ዳኛው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ከቅሬ ትውጣ የሚል እጁን እንዲያነሳ ጠየቁ። እጅ ተነሳ። እጁን ያላነሳ አየሁ ለማለት አልችልም፤ ከፊቴ የቆሙት ሰዎች ጋርደውኝ ነበር። መሰንቆ መቺው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ወጥተዋል። ዳኛው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ የለሽበትም፤ ቤትሽም የለበትም» ብለው ጉባኤውን በፋቲሐ ዱዓ ዘጉ። ሰው ሁሉ እጁን ፊቱ ላይ አበሰ። ስትወጣ መንገድ የለቀቀላት ሰው ስለሌለ በትከሻዋ እየገፋች ወጣች።

በሩ ላይ ደረስኩባት። «እትዬ» አልኳት።

«ያንን ፍላሽ ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ያልተቆረጠው ቀረጻ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች በሙሉ ተወስደዋል። ፍላሹን ጡቷ ሥር ከተተችና ሄደች።

ስለዚህ ጉዳይ ምንም ዘገባ አልሠራሁም። ልጅቱን ሐራ ገበያ ዘመድ ቤት አይቻታለሁ ያለኝ ሰው ነበረ፤ ሄጄ ጠየቅሁ፣ የሚያውቃት አላገኘሁም።

የዘፋኟ እናት የሞቱት ከጉባኤው አሥራ ስድስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደውሎ የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ስደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን አልተተከለም። በሰፈሩ መንገድ ያሉት፣ ለቀብር የሚዘጉት ሱቆች ክፍት ነበሩ፤ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ጀናዛው ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት በፊት ከቤት ወጣ። የተሸከሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ ከውርጌሳ በኩል የመጡ ዘመዶች፣ አራተኛው ሾፌሩ። እስከ መቃብሩ አጥር ድረስ ከኋላ ተከተልኩ። መንገዱ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ትከሻ የቀየራቸው ሰው አልነበረም።